የውስጠኛው ጆሮ ቀዶ ሕክምና፦ በማግስቱና ከዓመታት በኋላ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት የደጋ ወረዳዎች ጤና ጣቢያዎች ‹‹ራሴን ያዞረኛል›› የሚለው አቤቱታ እንግዳ አይደለም። አቤቱታው አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ የሚይዘው ነገር ብዙ ነው። አንዱ ከተቀመጠበት ሲነሣ ዓይኑን ጭልም የሚያደርገው ነው፤ ሌላው በጾምና በድካም አቅሙ የተሟጠጠ ነው፤ ሌላዋ ደሟ ያነሰ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሌላው ደግሞ ቤቱ ከነምሰሶው የሚዞርበት፣ የሚያስመልሰውና ግድግዳ ካልያዘ መቆም የማይችለው ነው። ለዚህ ለመጨረሻው ሰው ‹‹የሚዞረው ምንድን ነው? ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ጆሮህስ እንዴት ነው?›› የሚል ጥያቄ ካልቀረበለት፣ የደም ግፊቱ ተለክቶ፣ ለብርታት የሚሆን ቫይታሚን ተጽፎለት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በዚህ ረገድ የዛሬው ባለሙያ ብቻውን አይወቀስም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የአውሮፓ ታላላቅ ሐኪሞችም እንዲህ ያለውን ማዞር የአንጎል ሕመም አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ደም ወደ ራስ በዝቶ ወጥቷል በማለትም ሕመምተኛውን ያደሙት ነበር። ይህን አስተሳሰብ የተቃወሙት በፓሪስ መስማት ለተሳናቸው በተቋቋመው ትምህርት ቤት በሐኪምነት ያገለግሉ የነበሩት ፕሮስፔር ሜኒየር ናቸው። ሜኒየር እ.ኤ.አ. በጥር 1861 ለፈረንሳይ የሕክምና አካዳሚ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በድንገት የሚነሣ ማዞር፣ የጆሮ ጩኸትና የመስማት መቀነስ አብረው ሲገኙ ምንጩ አንጎል ሳይሆን ውስጠኛው ጆሮ ነው አሉ። ፒየር ፍሉራንስ የተባሉት ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከዚያ በፊት ከ30 ዓመታት በላይ ቀድመው የርግቦችን ግማሽ ክብ ቦዮች በመቁረጥ እንስሳቱ ሚዛናቸውን እንደሚያጡ አሳይተው ስለነበር፣ የሜኒየር አሳብ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሆኖም አካዳሚው ቶሎ አልተቀበላቸውም፤ እርሳቸውም በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው የውስጠኛው ጆሮ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ድል ታሪክ ነው። ጠጋ ብሎ ለሚያየው ግን በማግስቱ የሚታይ እፎይታ ሐኪሙንም ሕመምተኛውንም ደጋግሞ ያሳሳተበት፣ እውነተኛው ውጤት ምን እንደሆነ የታወቀው ደግሞ ታግሰው በጠበቁ ሰዎች የሆነበት ታሪክ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር የእርካብ አጥንት ሕክምና ነው። በመካከለኛው ጆሮ ካሉት ሦስት ትናንሽ አጥንቶች የመጨረሻው፣ ቅርጹ የፈረስ እርካብ ስለሚመስል በዚሁ ስም የሚጠራው፣ በውስጠኛው ጆሮ መስኮት ላይ የሚያርፍ ነው። ኦቶስክለሮሲስ በተባለው ሕመም ይህ አጥንት ከመስኮቱ ጋር ተጣብቆ ሲደርቅ ድምፅ ወደ ውስጥ መግባት ይሳነዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጀርመንና በፈረንሳይ የነበሩ ጥቂት ሐኪሞች አጥንቱን ለማላቀቅ ሞክረዋል። ያን ጊዜ ግን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም ሆነ ለዚህ ሥራ የሚሆን ማይክሮስኮፕ ስላልነበረ፣ የዘመኑ ታላላቅ የጆሮ ሐኪሞች ሥራውን አደገኛ ብለው አወገዙት።

ቀጥሎ የመጣው መንገድ አጥንቱን ትቶ ለድምፁ ሌላ በር መክፈት ነበር። የኒው ዮርኩ ጁልየስ ሌምፐርት እ.ኤ.አ. በ1938 በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ቀዶ ሕክምና አስተዋወቁ፤ አግድም ያለውን ግማሽ ክብ ቦይ በመብሳት አዲስ መስኮት ያበጁለት ነበር። ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለቀናት ከአልጋው ቀና ማለት አይችልም፤ ሁሉ ነገር ይዞርበታል። መስማቱ ግን ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፤ ለዓመታት የራቀውን ድምፅ እንደገና ያገኛል። ከወራት በኋላ ግን ከተከፈቱት መስኮቶች ብዙዎቹ በአዲስ አጥንት እየተደፈኑ ሄዱ፤ መስማቱም አብሮ ሄደ። መስኮታቸው ሳይደፈን የቀረላቸውም ቢሆኑ ከጆሮ ጀርባ የተቦረቦረውን ጉድጓድ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐኪም ማስጠረግ ነበረባቸው።

ሌላው የኒው ዮርክ ሐኪም ሳሙኤል ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1952 ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ለማከናወን የአንድን ሕመምተኛ እርካብ አጥንት መጣበቁን ሲፈትሹ፣ አጥንቱ ድንገት ተላቀቀ፤ በአካባቢ ማደንዘዣ ላይ የነበረው ሕመምተኛም እዚያው የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ እንዳለ መስማት ጀመረ። ከዚህ የበለጠ ፈጣን እፎይታ በሕክምና ታሪክ ጥቂት ነው። ሮዘን ሥራቸውን በብዙ አገሮች እየተዘዋወሩ አስተማሩ። እኒህ ሐኪም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሱዳን ተጉዘው፣ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ በሆነው አካባቢ የሚኖሩትን የማባን ሕዝብ የመስማት ችሎታ ያጠኑ መሆናቸውን ማንሣት አይከፋም፤ ከከተማ ጩኸት ርቀው የሚኖሩ ሽማግሌዎች ምን ያህል ጥሩ እንደሚሰሙ ለዓለም ያስታወቁት እርሳቸው ናቸው። ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ በሮዘን መንገድ ከተላቀቁት አጥንቶች ብዙዎቹ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሰው ተጣበቁ።

መፍትሔው የተገኘው ጆን ሺ የተባሉት የሜምፊስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1956 የተጣበቀውን እርካብ ጨርሰው አውጥተው፣ መስኮቱን ከደም ሥር በተወሰደ ስስ ሽፋን ከሸፈኑ በኋላ ከቴፍሎን የተሠራ ሰው ሠራሽ እርካብ በተኩበት ጊዜ ነው። ይህ ሕክምና ዛሬም በተሻሻለ መልኩ ይሠራበታል። የዘለቀውም በማግስቱ ባስገኘው መስማት አይደለም፤ በማግስቱማ የሮዘንም የሌምፐርትም ሕመምተኞች ሰምተው ነበር። የዘለቀው ከ10 እና ከ20 ዓመት በኋላ የተመረመሩት ሰዎች አብዛኞቹ አሁንም በመስማታቸው ነው። በአንጻሩ ከ100 ሰዎች አንድ ያህሉ በታከመው ጆሮ መስማትን ጨርሶ እንደሚያጣ የታወቀውም በዚሁ ክትትል ነው። ኦቶስክለሮሲስ በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ መሆኑን የሕክምና መጻሕፍት ስለሚናገሩ፣ የጎጃም ባለሙያ ይህን ሕመም ብዙ አያገኘው ይሆናል። የነገሩ አካሄድ ግን ለሌላውም ጆሮ ይሠራል።

የማዞር ቀዶ ሕክምና ታሪክ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው፤ ምክንያቱም መስማት በመሣሪያ ይለካል፣ ማዞር ግን አብዛኛውን በሕመምተኛው አፍ ይነገራል።

የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በሜኒየር ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎችን ስምንተኛውን የራስ ቅል ነርቭ በመቁረጥ ያክሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1946 እስከሞቱበት ጊዜ ድረስ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎችን እንዳከሙ ይነገራል። ነርቩ ሲቆረጥ የሕመሙ መነሣት ወዲያው ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ነርቩን ሙሉ በሙሉ ይቆርጡ ስለነበር የዚያ ጆሮ መስማትም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ በኋላ ግን የሚዛኑን ክፍል ብቻ መቁረጥ ጀመሩ። ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ በሁለቱም ወገን የተቆረጠባቸው ሰዎች ከማዞሩ ቢገላገሉም ሲራመዱ የሚያዩት ሁሉ ይንቀጠቀጥባቸዋል፣ በጨለማም መሄድ አይችሉም። ይህ ለውጥ ከዓመታት በኋላም አልተዋቸውም።

ይህንኑ ሁኔታ ከውስጥ ሆኖ የገለጸው በስትሬፕቶማይሲን ምክንያት የሁለቱንም ጆሮ ሚዛን ያጣ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት በወጣው ጽሑፉ፣ የልቡ ምት እንኳ ራሱን ስለሚያነቃንቀው ለማንበብ ራሱን መደገፍ ግድ እንደሆነበት ተርኳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ስትሬፕቶማይሲን የሚጨመርበት የሳንባ ነቀርሳ ድጋሚ ሕክምና እንዲቀር እስኪመክር ድረስ ይህ መድኃኒት በብዙ አገሮች በጤና ጣቢያ ደረጃ በመርፌ ይሰጥ እንደነበር ለሚያስታውስ ባለሙያ፣ የሐኪሙ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ አይሆንበትም። በጨለማ መንገድ የማይሄድ፣ በቀን ግን ደኅና የሚመስል የቀድሞ የነቀርሳ ታካሚ ቢያጋጥም ‹‹እርጅና ነው›› ብሎ ማለፍ ትክክል አይሆንም።

ነርቩን ሳይነኩ የሜኒየርን ሕመም ለማከም የታሰበው መንገድ ደግሞ የውስጠኛውን ጆሮ ፈሳሽ ማስተንፈስ ነበር። የቦርዶው ዦርዥ ፖርትማን በ1920ዎቹ የፈሳሹን ከረጢት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዛውያኑ ሃልፓይክና ኬርንስ፣ በዚያው ዓመትም ጃፓናዊው ያማካዋ፣ በሟቾች የጆሮ አጥንት ላይ ባደረጉት ምርመራ የውስጡ ፈሳሽ በዝቶ ከረጢቱን እንደሚወጥረው ስላረጋገጡ የፖርትማን አሳብ ተጠናከረ፤ ከ1960ዎቹ ወዲህም ቱቦ ማስገባት ተለመደ። በየሆስፒታሉ ከታከሙት ሰዎች ከግማሽ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከሦስት ሁለት እጁ ተሽሎናል ይሉ ነበር።

የዴንማርክ ሐኪሞች እነ ቶምሰን ይህን ለመፈተን የደፈሩት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ነው። 30 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈሏቸው፤ ለ15ቱ የተለመደውን ቱቦ አስገቡ፤ የቀሩትን 15 ግን ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት ብቻ ቦርቡረው የፈሳሹን ከረጢት ሳይነኩ ዘጉላቸው። ሕመምተኞቹ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አያውቁም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱም ወገኖች በእጅጉ ተሽለው ተገኙ፤ ከ9 ዓመት በኋላም በሁለቱም ወገን ከ10 ሰዎች ሰባት ያህሉ ደኅና ነበሩ። ጥናቱ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሌሎች ተመራማሪዎች ቁጥሮቹን እንደገና አስልተው ልዩነት አለ ብለዋል፤ የሰዎቹ ቁጥር ማነሱም የማይካድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ሲልቨርስታይንና ባልደረቦቻቸው ቀዶ ሕክምና ያልፈለጉ የሜኒየር ሕመምተኞችን ተከታትለው ያወጡት ውጤት ግን የዴንማርኩን ጥናት የሚደግፍ ነው፤ ከእነርሱ 57 በመቶው በሁለት ዓመት፣ 71 በመቶው ደግሞ በአማካይ ከ8 ዓመት በኋላ ከማዞሩ ነጻ ሆነዋል። ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና የሚሄደው ሕመሙ እጅግ ሲበረታበት ነው፤ የበረታ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ይበርዳል። እፎይታው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ቢላዋው መሆኑ ግን በማግስቱ አይታወቅም።

የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ ለዚህ የሰጠው መልስ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው መመሪያ መሠረት የማዞር ሕክምና ውጤት የሚነገረው፣ ከሕክምናው በፊት በነበሩት 6 ወራት ሕመሙ የተነሣበትን ቁጥር ከሕክምናው በኋላ ከ18ኛው እስከ 24ኛው ወር ባሉት ጊዜያት ከተነሣበት ቁጥር ጋር በማነጻጸር ነው። በሌላ አነጋገር የመጀመሪያው ዓመት ተኩል ጨርሶ በሒሳብ አይገባም።

እስካሁን የተባለው እፎይታው ቀድሞ ስለሚመጣበትና በኋላ ስለሚጠፋበት ሁኔታ ነው። ተቃራኒውም አለ። የአንድ ወገን የሚዛን ነርቭ ሲቆረጥ ወይም ውስጠኛው ጆሮ ሲወገድ ሕመምተኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ የባሰ ይሆናል፤ ዓይኑ ወደ ደኅናው ጆሮ እየፈጠነ ይወራጫል፣ ያስመልሰዋል፣ ወደ ታመመው ወገን ይወድቃል። ከዚያ አንጎል በቀረው ጆሮ፣ በዓይንና በእግር ስሜት ሚዛኑን እንደገና ማደራጀት ይጀምራል። አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይራመዳል፣ በሁለትና በሦስት ወር ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሙሉ ማገገሙ ግን እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ይህ ማገገም ተኝቶ የሚጠበቅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቴሬንስ ካውቶርንና ኩክሲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ቶሎ ተነሥተው ራሳቸውንና ዓይናቸውን የሚያንቀሳቅሱ ሕመምተኞች ከተኙት ይልቅ ፈጥነው እንደሚያገግሙ አስተውለው፣ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠሩትን እንቅስቃሴዎች አዘጋጁ። ፈረንሳዊው ላኩርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ደግሞ ነርቡ የተቆረጠበት እንስሳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዳይንቀሳቀስ ከታሰረ ማገገሙ እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ፕሮሜታዚን፣ ሲናሪዚንና ዳያዜፓም የመሳሰሉት መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ማስታወክን ለማስታገስ ይጠቅማሉ፤ ለሳምንታትና ለወራት ሲቀጥሉ ግን አንጎል የሚማርበትን ስሜት ያደነዝዛሉ። በአገራችን ራስ ማዞር ያለበት ሰው የሲናሪዚን ማዘዣውን በየወሩ ሲያሳድስ ማየት ብርቅ ስላልሆነ ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

በቅርቡ ከታወቁት የውስጠኛው ጆሮ ሕመሞች አንዱ ሁለቱንም ጎኖች በአንድ ሰው ላይ ያሳያል። ሎይድ ማይነር እ.ኤ.አ. በ1998 የላይኛውን ግማሽ ክብ ቦይ የሚሸፍነው አጥንት የሳሳባቸው ወይም የተከፈተባቸው ሰዎች የሚያዩትን ሕመም ገለጹ። እነዚህ ሰዎች በከፍተኛ ድምፅ ወይም ሲያምጡ ይዞርባቸዋል፤ የራሳቸው ድምፅ በራሳቸው ውስጥ ያስተጋባባቸዋል፤ አንዳንዶቹ የዓይናቸውን መንቀሳቀስ እንኳ ይሰማሉ። ሐኪሞች ቦዩን ሲደፍኑት ማስተጋባቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይቆማል። በምትኩ አንድ ቦይ ከሥራ ስለወጣ ሕመምተኛው ለሳምንታት ሚዛኑን ይስታል። የመጀመሪያውን ብቻ ያየ ‹‹ዳነ›› ይላል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያየ ‹‹ተበላሸ›› ይላል።

በጎጃም ደጋ ይህን ሕመም የሚለይ ረቂቅ የሲቲ ምርመራና ለዚህ የሠለጠነ ሐኪም በየከተማው አይገኝም። ውስጠኛውን ጆሮ የሚነካው የተለመደው ሕመም ሌላ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ የሚመግል ጆሮ። መግሉ ለዓመታት ሲቆይና ኮሌስተያቶማ ሲበቅል አጥንቱን እየበላ እስከ አግድሙ ግማሽ ክብ ቦይ ሊደርስ ይችላል። የሚመግል ጆሮ ያለው ሰው ማዞር ከጀመረው፣ በተለይም የጆሮው በር ሲጫን ከዞረበት፣ ጠብታ ሰጥቶ ማቆየት አይገባም፤ በቶሎ መላክ አለበት። ጎጃም በተለይ በቃል ትምህርት የታወቀ አገር ነው፤ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ አፍ በጆሮው ተቀብሎ የሚማር ነውና፣ ጆሮው የሚመግል ተማሪ የሚያጣው ነገር ከመስማት ያለፈ ነው።

የተላከው ሰው አዲስ አበባ ታክሞ ሲመለስ መንገዱ ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ መኪናው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርድና ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። በቁልቁለቱ የአየሩ ግፊት ወደ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ ይጨምራል። ሐኪሞች የእርካብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ለሳምንታት በአውሮፕላን እንዳይሄድ የሚመክሩት ስለዚሁ ግፊት ነው። የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ ሕመምተኛ ግን በአውሮፕላን ስላልተሳፈረ ማንም አያስጠነቅቀው ይሆናል። ጉንፋን የያዘው ከሆነ ጉዞውን ማዘግየት፣ ካልሆነም ቁልቁለቱን ሳይተኛ እየዋጠ ወይም ማስቲካ እያኘከ መውረድ ቀላል ጥንቃቄ ነው። ከተመለሰ በኋላ በድንገት መስማቱ ከቀነሰና ማዞር ከጀመረው የውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ተመልሶ ለመታየት መዋል ማደር የለበትም።

የቀረው ክትትል በአካባቢው ባለሙያ እጅ ነው። ይህ ደግሞ ለጎጃም አዲስ ሥራ አይደለም። ለዓይን ፀጉር መቀልበስ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ነው። ሕመምተኛው ፀጉሩ ዓይኑን መውጋቱ ስለሚቀርለት እዚያው እፎይ ይላል። እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምዕራብ ጎጃም 1000 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው በሁለት ዓይነት የቀዶ ሕክምና ስልት እንዲታከሙ ካደረጉ በኋላ ለ12 ወራት ተከታተሏቸው። በአንደኛው ስልት ከታከሙት 22 በመቶው፣ በሌላው ስልት ከታከሙት 13 በመቶው ላይ ፀጉሩ ተመልሶ መጣ። በገጠር፣ ስልክና አድራሻ በማይገኝበት ቀበሌ፣ ሰውን ከዓመት በኋላ ፈልጎ ማግኘትና መመርመር የሚቻል መሆኑን ለማወቅ ይህ በቂ ነው።

ለጆሮ ቀዶ ሕክምና ተመላሽ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከዚህም ያነሰ ነው። ባለ 512 ኸርዝ መቃኛ ሹካ፣ በስድስት ወር ውስጥ ማዞሩ ስንት ጊዜ እንደተነሣበት የሚጻፍበት ካርድ፣ በጨለማና በጭቃ መንገድ መሄድ ይችል እንደሆነ መጠየቅ፣ እና ሃልማጊና ከርቶይስ እ.ኤ.አ. በ1988 የገለጹት ምርመራ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ሕመምተኛው የባለሙያውን አፍንጫ ትክ ብሎ እያየ ራሱን በፍጥነትና በአጭሩ ወደ ጎን በማዞር የሚደረግ ነው፤ ሚዛኑ በተጎዳው ወገን ሲዞር ዓይኑ ከአፍንጫው ይንሸራተትና ዘግይቶ ይመለሳል። ነርቩ የተቆረጠለት ሰው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በሬ ጠምዶ ሲያርስ እየዋለም፣ ይህ ምልክት አይጠፋበትም።